ከተርቦው ስር ያሉት ሁለት ነጥቦች

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአስር ላይ፣ መሳለሚያ አጠገብ ባለ አንድ የጎማ መጋዘን ግቢ ውስጥ፣ መዳፌን በሰው መኪና ኮፈን ላይ ዘርግቼ ቆሜ ነበር። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነው። በጣም ደስ አለኝ። የግቢው ዘበኛ ግን ግራ ገብቶት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ልጸልይላት እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ሰው ሲያናግረኝ መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈገግ አልኩና እጄን ሳላነሳ ቆየሁ።

ያገለገለች ባለ ተርቦ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩ ሳይነሳ መድረስ አለበት። ይህን ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ቢያንስ ሦስት ቦታ አግኝቼዋለሁ። ሞተሩ ቀድሞ ከሞቀ፣ ጠዋት ሲነሳ የሚያጨሰውም የሚያንኳኳውም ነገር ሁሉ ይደበቃል። ደላላው “በሦስት ሰዓት ነይ” ብሎኝ ነበር። እኔ ይህን “በሁለት ተኩል አስነስቼ፣ አሙቄ እጠብቅሻለሁ” ብዬ ተረጎምኩትና በአንድ ሰዓት መጣሁ።

መኪናዋ ቀይ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀች፣ ጃፓን ሠራሽ፣ ዕድሜዋ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ ስፖርት መኪና። ነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከቀረ ወዲህ እንዲህ ዓይነቷን ማግኘት ቀርቶ መንገድ ላይ ማየትም ብርቅ ሆኗል። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት በሙሉ በእሷ ላይ ሊያልቅ ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር። ተርቦዋ የተበላሸ ከሆነ ሌላ የምገዛበት አይተርፈኝም፤ ለዓመታት ታጥባ የምትቆም ቀይ የግቢ ጌጥ ይዤ እቀራለሁ።

ለምን ስፖርት መኪና እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልስ አላገኘም፤ እዚህ ልመልስ። ያሳደገችኝ አክስቴ ሶማሌ ተራ ውስጥ ያገለገሉ የሞተር ዕቃዎች ትሸጣለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተገለበጠ የሞተር ብሎክ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። መጫወቻዬ ደግሞ የተጣለ ተርቦ ነው። ተርቦ ማለት ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው። ውስጡ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች አሉ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን ሲያሽከረክረው ሌላው አየር እየሳበ መልሶ ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ትንሹም ሞተር እንደ ትልቅ ይጎትታል። እኔ በጣቴ እያሽከረከርኩ እስኪቆም እቆጥራለሁ። አክስቴ ደንበኛ ስትሸኝ ዞር ብላ ታስተምረኛለች። ዘንጉ ወደ ጎን ለአመል ያህል ቢነቃነቅ ይቅር በይው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ግን ተርቦው አብቅቶለታል ትለኛለች። ማባዛት ሳልችል ይህን አውቅ ነበር።

ሌላም ነገር መናገር አለብኝ። ሶማሌ ተራ ውስጥ ነጋዴው በሚሸጠው ዕቃ ላይ የራሱን ምልክት ያደርጋል። ያለዚያ፣ አንዱ ጥሩውን ዕቃ ካንተ ወስዶ፣ በማግስቱ የሞተውን አሮጌውን “የሸጥክልኝ ይኸው” ብሎ ያመጣብሃል። የአክስቴ ምልክት የቀለም ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ ያለበት ዕቃ ቃሏ ያለበት ነው፤ ካልሠራ ትመልሰዋለህ። ሁለት ነጥብ ያለበት “እንዳለ” የተሸጠ ነው፤ አይተህ ወስደሃል፣ መመለስ የለም። ድሮ ነጥቦቹ በሞተር ሙቀት እየተቃጠሉ ስለሚጠፉ በየሳምንቱ ጭቅጭቅ ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ወጥቼ ቀለም ፋብሪካ ላብራቶሪ ስቀጠር፣ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ከናሙና ትራፊ ሙቀት የሚችል ቀለም ሠራሁላት። መልኩ የበሰለ የዘይቱን ፍሬ ሲቆረጥ ውስጡ የሚመስል ሮዝ ነው። እንዲህ ያለ ቀለም በዓለም ላይ አንድ ጣሳ ነው ያለው፤ ጣሳውም አክስቴ ባንኮኒ ስር ነው።

አክስቴ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ደረሰች። ለዚህ ጉዳይ ብላ ሱቋን ዘግታለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ማጎንበስ አትችልም። ስለዚህ እኔ ላጎነብስ፣ እሷ ልትናገር ተስማምተን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደላላው ቁልፉን እያሽከረከረ መጣና እጄን ኮፈኑ ላይ ሲያይ ቆም አለ።

“እህቴ፣ መኪና ነው ወይስ ትኩሳት የያዘው ልጅ?”

“ትኩሳቱን አንተ ልትሰጠው ነበር፣ ቀደመችህ” አለችው አክስቴ።

የመኪናዋ ባለቤት የጎማ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ነጭ ቆብ የደፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። ለምን እንደሚሸጧት ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ከሦስት ዓመት በፊት መንገድ ላይ አይተዋት፣ ወጣትነታቸው የተመለሰ መስሏቸው ገዟት። አሁን ግን ከውስጧ ለመውጣት ሁለት ሰው ይዞ ሊጎትታቸው ይገባል። መስጊድ ሲሄዱ ከስግደቱ ይልቅ ከመኪናው መውጣቱ ያደክማቸዋል። ይህን ሲሉ ራሳቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ወደ ውስጥ።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ደላላው ደብተሩን ሲያይ ፈተና ነው እንዴ አለ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየሁ። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አሸተትኩ። የተቃጠለ ሽታ የለውም። የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ውስጡን በጨርቅ ጠረግሁ፤ ውሃ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል የሚመጣው ነጭ አረፋ የለበትም። ቀጥዬ ከፍሪጅ በር ላይ ነቅዬ ያመጣሁትን ማግኔት በመሐረብ ጠቅልዬ በአካሏ ዙሪያ አስኬድኩት። ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ የተጎዳ ቦታ በሚሞላበት ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ከኋላ ግራ ጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ወደቀ።

ደላላው ወዲያው ቀለሟ ፋብሪካው እንደቀባት ነው አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን የእሱ ሥራ ማውራት ከሆነ የእኔ ሥራ ቀለም ነው። የዚህ ፓራፋንጎ ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ወንድም ግን አይደለም።

“ይሄኛው ወደ ብርቱካን ያደላል” አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማኝ ድምፅ።

ሐጂ ሰሙኝ። “እውነቷን ነው” አሉ። “የዚህን ግቢ በር ራሴ ነኝ የገጨሁት። በሩ ግን ምንም አልሆነም።”

አክስቴ በዚህ ጊዜ ኮፈኑ ስር እጇን ሰዳ ተርቦውን ከላይ ዳበሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሐጂም፣ ደላላውም፣ ዘበኛውም እንዲሰማ አድርጋ ፍርዷን ሰጠች። “ይሄ ተርቦ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ የማንም እጅ አልነካውም። ሠላሳ ዓመት ተርቦ የሸጥኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን ለመለየት ዓይን አያስፈልገኝም።”

“ሰማችሁ? እትዬ መሰከሩ” አለ ደላላው።

ደብተሬ ላይ አንድ መስመር ቀርቶ ነበር፦ ከተርቦው ስር ዘይት አንጠባጥቧል ወይ? ለሥርዓቱ ያህል ተንበረከኩ። የፊት መስታወቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ በስልኬ መብራት፣ ሥሩን አየሁ። ዘይት የለም። ብረቱ ደረቅ ነው። ደረቁ ብረት ላይ ግን፣ ጎን ለጎን፣ የበሰለ ዘይቱን የመሰሉ ሁለት ነጥቦች አሉ።

መስታወቱን ጠረግሁት። አሁንም ሁለት ናቸው።

ስነሳ ጉልበቴ ላይ ያለውን አቧራ ለማራገፍ እንኳ ረሳሁ። ከፋብሪካ ከወጣ ማንም ያልነካውን ተርቦ የሸጠችው አክስቴ ራሷ ናት፤ ያውም “እንዳለ”፣ ያለ ቃሏ። ብናገር፣ በሠላሳ ዓመት ዕውቀቷ የምትኮራውን አክስቴን በሐጂ ፊት አዋርዳታለሁ። ሶማሌ ተራ ደግሞ ወሬ ከማንኛውም ባለ ተርቦ ይፈጥናል። ዝም ብል፣ አምስት ዓመቴን ማንም ዋስ ባልሆነለት ተርቦ ላይ አፈሳለሁ። ላስብ ስል ደላላው ገብቶ ሞተሩን አስነሳው።

ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ኋላ ቆሜ አየሁ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ትበላለች ማለት ነው። ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ ወዲያውም ጠፋ። ድምፁ እኩል ነው። ደላላው ደረቱን ነፋ፤ ሞተሩን የሠራው እሱ ይመስል ነበር።

ከዚያ ልንዳት ወጣን። ሐጂ አልመጡም፤ እሳቸው ከገቡ ለማውጣት ክሬን እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። አክስቴ ከፊት ተቀመጠች። ደላላው ከኋላ፣ ለልጅ እንኳ በማትበቃው ቦታ፣ ጉልበቱን ጆሮው ድረስ አጥፎ ገባ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ እያልኩ በሚኒባስና በጭነት ጋሪ መሃል ተንፏቀቅሁ። ፍሪሲዮኑን ሞከርኩ፤ አይንሸራተትም። ማርሾቹ ሳይንገጫገጩ ይገባሉ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አልፈን ዳገቱ ላይ መንገዱ ድንገት ተከፈተ። ነዳጁን ረገጥኩት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከኮፈኑ ስር ቀጭን ፉጨት ተነሳ። ቀጥሎ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፣ ዳገቱም ሜዳ ሆነ። አክስቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ እስክታስል ሳቀች። ደላላው ከኋላ “ነገርኳችሁ፣ ነገርኳችሁ” ይላል። እኔም ሳቅሁ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ውጭ። መብራት ላይ ስንቆም ከጎናችን ያለ የሚኒባስ ሾፌር ዝቅ ብሎ በመስኮት አየኝ።

“እናቴ፣ ቀስ በይ እንጂ። ሰው ጭኜ ነው፣ አታሳፍሪኝ።”

እጄን አውለበለብኩለት፤ ይህ በእኔ ዘንድ ንግግር ነው።

ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። የተርቦው ዘይት ማገጃ ቀለበት ካረጀ ሰማያዊው ጭስ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። አክስቴ በጎን መስታወት ተመለከተች፣ ምንም የለም አለች። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። ዳገቱ ላይ ሆኜ መኪናዋን ወድጃታለሁ፤ የወደዱትን ነገር ደግሞ በምክንያት መመርመር ከባድ ነው።

ግቢው ገብተን ሞተሩን ወዲያው አላጠፋሁትም። ተርቦ የሮጠ ሰው ነው፣ በአንዴ አይቀመጥም፤ ሁለት ደቂቃ ያህል በዝግታ መሥራት አለበት። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች አክስቴ ወርዳ ከሐጂ ጋር ዋጋ ጀምራ ነበር። ተርቦው የፋብሪካው መሆኑን ለደላላው ትታ ወደ ፓራፋንጎው አልፋለች። ደላላው ደግሞ እሷው የመሰከረችለትን ተርቦ ዋጋ ማስወደጃ አድርጎ እየመለሰላት ነው። ራሷ በሰጠችው ምስክርነት ዋጋ ሊወደድብን ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

“እትዬ” አልኩ። “ከተርቦው ስር ነጥብ አለ።”

“የምን ነጥብ?”

“የዘይቱን ፍሬ የሚመስል፣ ሮዝ።”

ወደ ኮፈኑ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ “ስንት ነው?”

“ሁለት።”

መስታወቱን ስጪኝ አለች፣ ግን ማጎንበስ አልቻለችም። ሐጂ ሞከሩ፣ እሳቸውም ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። ደላላው ነው መሬት ላይ ተዘርግቶ ያየው፤ የአክስቴን ምልክት ደግሞ የማያውቅ ደላላ የለም። ፊቱ ከስር ሲወጣ ለዓመታት የጠበቀውን በዓል ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። “እትዬ፣ ሁለት ናቸው። ከፋብሪካው ጀምሮ የማንም እጅ ያልነካው ተርቦ የሱቅዎ ምልክት አለበት።”

እስከ አሁን ድረስ አክስቴ ያን ጊዜ የሠራችውን ሳስብ ደስ ይለኛል። መካድ ትችል ነበር። ልጅቷ ተሳስታለች ማለት ትችል ነበር፤ እኔም ዝም ባልኩ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሐጂ ዞረች።

“የእኔ ነው ሐጂ። አላወቅሁትም፣ አፌን ሞልቼ ዋሸሁ።”

ከዚያ ነገሩ እየመጣላት ሄደ። ለዕቃቸው ሲባል ተቆርጠው ከዱባይ ከመጡ ግማሽ መኪናዎች ላይ የወረደ ተርቦ ነበር። አንድ መካኒክ ተጣድፎ መጣ፣ እሷ ሳትመረምረው ወሰደው። ሐጂ መኪናዋን ከመግዛታቸው በፊት መሆን አለበት፤ እሳቸውም ተርቦው የመጀመሪያው ነው ተብለው ነው የገዙት። ሐጂ ደላላውን አዩት። ደላላው ሰማዩን አየ።

“እንዳለ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም” አለች አክስቴ። “አላውቀውም ማለት ነው።”

“ዛሬስ ማወቅ ይቻላል?” አሉ ሐጂ።

“ይቻላል። ጣት ነው የሚፈልገው።”

ሁሉም የኔን ጣቶች አዩ።

ተርቦው እስኪቀዘቅዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሐጂ ማኪያቶ አስመጡ። ጎማ ሊገዛ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ደላላው ታሪኩን እንደ አዲስ ይተርካል። በአራተኛው ላይ አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። “ሠላሳ ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን ተሳሳትኩ። አንተ አንድ ቀን እንኳ ልክ ሆነህ ታውቃለህ?” ጎማ ገዢዎቹ በደላላው ላይ ሳቁ፣ ወሬውም እዚያ ላይ ቆመ።

ዘበኛው ካቻቪቴ ሰጠኝ። አየር የሚያስገባውን ጎማ ቱቦ ማሰሪያውን አላልቼ አወጣሁትና እጄን ከተትኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ብሎኩ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ የምሠራ ያህል ተሰማኝ። እያንዳንዱን ክንፍ በጥፍሬ ነካሁ፤ የተሸረፈ የለም። ዘንጉን ወደ ጎን ገፋሁት፤ የፀጉር ያህል ተነቃነቀ። አሁን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ወደ ውጭ ሳብኩት። እንደገና ገፋሁት።

“እህስ?” አለች አክስቴ።

“ወደ ጎን ትንሽ አለ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የለም።”

“ድገሚው።”

ደገምኩት። “የለም” አልኩ። ይህኛው “የለም” ጮክ ብሎ ስለወጣ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳ። በጣቴ አሽከረከርኩት፤ እስኪቆም ድረስ ቆጠርኩ። ልጅ ሆኜ ከቆጠርኩት ሁሉ ረዘመ።

“አንዷን ነጥብ አጥፊያት” አለች አክስቴ። “ከዛሬ ጀምሮ ቃሌ አለበት። ቢበላሽ ከሱቄ ነው ሌላ የምትወስጂው። ሐጂ ይመስክሩ።”

ሐጂ መሰከሩ። ከዋጋውም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለፓራፋንጎው አንዴ፣ ለነጥቦቹ ሌላ ጊዜ ቀነሱ። ደላላው ሁለቱንም ጊዜ አቃሰተ። ከሰዓት በኋላ ውል ተፈራረምን፣ ቁልፉም እጄ ገባ። ነጥቧን ማጥፋት ግን አልተቻለም። እኔ በጥፍሬ ፋቅሁ። ዘበኛው በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ፣ ደላላው በካቻቪቴው ጫፍ ሞከሩ። ቀለሟ ንቅንቅ አላለችም። አክስቴ “የሠራሽው ቀለም ይሄ ነው እንዴ?” እያለች በኩራት ታየን ነበር።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነው። አስነሳኋት፣ አሞቅኋት፣ ወደ ሥራ ነዳኋት። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ አቁሜ እስክትቀዘቅዝ ሥራዬን ሠራሁ። በሻይ እረፍት ላይ ከላብራቶሪ ትንሽ የቀለም ማስለቀቂያ በጠርሙስ፣ ጥጥና መስታወቴን ይዤ ወረድኩ። ጋውኔን እንደለበስኩ ተንበርክኬ፣ በግራ በኩል ያለችውን ነጥብ ደጋግሜ አሸሁ። ጥጡ ቀስ በቀስ ሮዝ ሆነ። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረች። ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ላክሁላት።

ቀና ስል ከጎኔ የምትሠራው ልጅ አጠገቤ ቆማለች። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልሱ ወዲያው መጣልኝ። ከኮፈኑ ቅዝቃዜ ጀምሬ ነገርኳት፣ የሚኒባሱን ሾፌርም ሳልረሳ፤ አለቃችን ሁለታችንንም ፍለጋ እስኪወርድ ድረስ።